የፓቶሎጂ ናሙናዎች የኢንተርኔት ስብስብ፦ ታካሚዎች ማወቅ የሚገባቸው

በባዮፕሲ ወይም በቀዶ ሕክምና ከሰውነት የሚወሰድ ናሙና በመጀመሪያ የሚያገለግለው ታካሚውን ነው፤ በሽታው ምን እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ነው። ከዚያ በኋላ የአንዳንዱ ናሙና ምስል ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች ማስተማሪያ በኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል። የአሜሪካው ዩታ ዩኒቨርሲቲ ዌብፓዝ የተባለው ገጽና የእንግሊዙ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

ምስሉ እንዴት ይዘጋጃል?

ናሙናው እንዳይበላሽ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ ውሃው እንዲወጣ ይደረግና በፓራፊን ሰም ተሞልቶ ትንሽ ብሎክ ይሆናል። ከብሎኩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር የሚሆን በጣም ስስ ቁራጭ ተወስዶ በመስታወት ስላይድ ላይ ይደረጋል፤ ሴሎቹ ተለይተው እንዲታዩም ቀለም ይቀባል። ስላይዱ በስካነር ሲነሣ ተማሪዎች በኮምፒውተር እያጎሉ ሊያዩት ይችላሉ።

ማንነቴ ይታወቃል?

ስም፣ የካርድ ቁጥርና የልደት ቀን ከምስሉ ጋር መውጣት የለባቸውም። ሴሎችን ብቻ በሚያሳይ ምስል ሰውን መለየት አስቸጋሪ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ንቅሳት ወይም ልዩ ምልክት ያለበት ቆዳ ሲታይ፣ ወይም እምብዛም የማያጋጥም በሽታ ከታካሚው ዕድሜና ከተማ ጋር ሲጻፍ ነው።

ፈቃዴ ያስፈልጋል?

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ለምሳሌ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሕግ በሕይወት ካለ ሰው የተወሰደን ናሙና ለጤና ትምህርት ለመጠቀም ፈቃድን አያስገድድም፤ ከሟች ለተወሰደ ግን ያስገድዳል። የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ቅጽ ከመፈረምዎ በፊት ስለ ማስተማሪያ የሚናገር ክፍል ካለው ያንብቡት፤ ካልገባዎት እንዲያስረዱዎት ይጠይቁ።

ምስሎቹን ሲያዩ

ብዙዎች የበሽታቸውን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈልገው በሚያዩት ምስል ይደነግጣሉ። ለማስተማሪያ የሚመረጡት ግን ምልክታቸው ጎልቶ የሚታይ፣ ብዙ ጊዜም በጣም የገፉ በሽታዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ከአስከሬን ምርመራ የተገኙ ናቸው። ስለዚህ ምስሉ የእርስዎ ወይም የቤተሰብዎ በሽታ የደረሰበትን ደረጃ አያሳይም። ያንን የሚናገረው የራስዎ የፓቶሎጂ ውጤት ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ሲታይ ነው።

ሐኪምዎን ምን ይጠይቁ?

• የውጤቱን ቅጂ ማግኘት እችላለሁ?
• ብሎኩና ስላይዱ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣሉ? የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ቢያንስ 10 ዓመት እንዲቀመጡ ይጠይቃል።
• የሌላ ሐኪም አስተያየት ወይም ተጨማሪ ምርመራ ቢያስፈልግ ብሎኩን መውሰድ ይቻላል? ለምሳሌ በጡት ካንሰር የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ የሚሠራው ከዚሁ ብሎክ ላይ ነው።
• ናሙናዬ ለማስተማሪያ እንዳይውል ብፈልግ ለማን ልናገር?

ናሙናዬ ለማስተማሪያ አይዋል ማለትዎ የሚያገኙትን ሕክምና ሊያጓድል አይገባም።