«ራይቸስሊ»፦ የአንድ ተውሳከ ግሥ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ቀይ እስክሪብቶ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ ጎረቤቶቹን ስለሚገሥጽ ሰው በሚናገር ምንባብ ውስጥ የገባውን «ራይቸስሊ» የተባለ የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ «እየተመጻደቀ» ብሎ ተረጎመው። እኔ ሰርዤ «በጽድቅ» ብዬ ጻፍሁበት፤ ነጥብም ቀነስሁበት። መዝገበ ቃላቱ ከእኔ ጋር ነበርና አልተጠራጠርሁም።

የቃሉ ሥር ከ1066 እ.ኤ.አ. የኖርማኖች ወረራ በፊት በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ውስጥ ይገኛል። ያን ጊዜ ቅጽሉ «ሪህትዊስ» ይባል ነበር። «ሪህት» ቀጥ ያለ፣ የቀና ማለት ነው፤ «ዊስ» ደግሞ ጥበብን ወይም አኳኋንን ያመለክታል። ከወረራው በኋላ ፈረንሳይኛና ላቲን የሹማምንቱና የችሎቱ ልሳን ሲሆኑ «ጀስት» ከነቤተሰቡ ገባ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዊክሊፍ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስን ከላቲን ሲመልሱ፣ ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ «ጀስትሊ» አሉ፤ ላቲኑ «ዩስቴ» ይላልና። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ግን በዚያው ስፍራ «ራይቸስሊ»ን አኖረ። ግሪኩ «ዲካዮስ» በአንድ ቃል የዳኛውንም የጻድቁንም ምግባር ይይዛል፤ እንግሊዝኛ ግን ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ ወደ ችሎት፣ ሌላው ወደ መቅደስ አዘነበለ።

በመካከሉ ሰዎች የ«ዊስ»ን ትርጉም ረስተውት ኖሯል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቃሉ መጨረሻ ከፈረንሳይኛ የመጡትን ቃላት መስሎ ተለወጠ፤ የአገሩ ተወላጅ የባዕድ ካባ ደረበ እንበል። የዛሬ እንግሊዛዊም ቢሆን ይህን ከስሙ ላይ አያነብም።

ዋናው ነገር ቀጥሎ የመጣው ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን «ራስ» የሚል ቃል ከፊቱ ታክሎ፣ ራሱን የሚያጸድቅ ሰው መነቀፊያ ሆነ። እያደርም ያ ጥላ በተውሳከ ግሡ ላይ አረፈ፤ ዛሬ ቃሉ ያለ ምንም ቅጥያ የሽሙጥ ድምፅ ሊኖረው ይችላል። ቅጽሉ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞች አፍ «እውነተኛ፣ ግሩም» የሚል የምስጋና ቃል ሆኗል።

የእኛስ ሥር? ከ«ጸድቀ» ጻድቁም ተመጻዳቂውም ወጥተዋል። ችግኝም ይጸድቃል፤ አዋጅም ይጸድቃል። ተማሪዬ ያደረገው ነገር የሁለቱን ቋንቋዎች ተመሳሳይ ዕጣ በአንድ ቃል ማገናኘት ነበር። እኔ ያየሁት መዝገበ ቃላቱን ነው፤ እርሱ ያነበበው ምንባቡን።

ይህን የተረዳሁት ተማሪው ተመርቆ ከሄደ በኋላ ነው። ነጥቡ በመዝገቡ ላይ እንደተቀነሰ አለ።