ካርቡሬተርና የደራ ዳገት

ከአዳማ ተነሥቶ በደራ በኩል ወደ አሰላ የሚጓዝ ተሽከርካሪ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ካለው የስምጥ ሸለቆ ሜዳ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ይወጣል። በዚህ አጭር ጉዞ የአየሩ እፍጋት በ8 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የቤንዚን ሞተር በአገራችን ያለው ታሪክ ከዚህ ልዩነት ጋር የተደረገ ትግል ታሪክ ነው።

ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባህ በ1885 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1893) ቤንዚን የሚረጭ ካርቡሬተር ሠራ። አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ቤንዚኑም በተለካ ቀዳዳ ተስቦ ይረጫል። ቀዳዳው የሚለካው ግን ለዝቅተኛ አገር አየር ነበር። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው የሲድሌይ አውቶሞቢል ከባሕር ጠረፍ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ይኸው የተፈጥሮ ሕግ ገጥሞታል። በስሌት ሲታይ በባሕር ጠለል ለአንድ እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር በክብደት የሚሰጥ ካርቡሬተር በአዲስ አበባ ከፍታ 13 ገደማ ብቻ ይሰጣል። ነዳጅ ይበዛል፤ ጭስ ይጠቁራል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል።

ስለዚህ የደጋው መካኒክ ነዳጁን መቀነሱ ትክክል ነበር። ችግሩ የሚመጣው ተሽከርካሪው ወደ ቆላ ሲወርድ ነው። በአሰላ የተስተካከለ ካርቡሬተር በደራና በአዳማ ሜዳ ድብልቁን በ4 በመቶ ያህል ያሳሳዋል። የሳሳ ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚነድ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ይግላል፤ ካንዴላውም ይነጣል። በአንጻሩ ትንሽ የበዛ ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ የቃጠሎውንም ግለት ያበርዳል። ራዲያተር በሌለውና በአየር በሚቀዘቅዘው ቮልስዋገን ላይ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይከብዳል።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ መናር የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች ለሥራ ማቆም አድማ ማነሣሣቱ የታወቀ ነው። ቤንዚን በተወደደ ቁጥር ቀዳዳውን የማጥበብ ፈተና ይበረታል። ይሁን እንጂ በቤንዚን የተቆጠበው ገንዘብ በተቃጠለ ቫልቭና በተጎዳ ፒስቶን ተመልሶ ይከፈላል።

ሞተር ሁሉ የሚግለው ግን በድብልቅ ጉድለት አይደለም። ውሃ በአዳማ ከፍታ በ95 ዲግሪ ገደማ፣ በአሰላ ደግሞ በ92 ገደማ ይፈላል። በመሆኑም ዳገቱ ጫፍ ላይ የፈላ ራዲያተር ካርቡሬተሩን አይወነጅልም፤ አስቀድሞ ራዲያተሩን፣ የማራገቢያውን ቀበቶና የእሳቱን ጊዜ መመርመር ይገባል። ደግሞም በብዙ ካርቡሬተሮች ላይ ያለው የድብልቅ ብሎን የሚገዛው ሞተሩ ያለ ጭነት በዝግታ ሲዞር የሚያገኘውን ነዳጅ ነው። ጭነት ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ሞተር ነዳጁን የሚወስነው ዋናው ቀዳዳ ስለሆነ፣ ብሎኑን በማዞር ብቻ የዳገቱ ግለት አይበርድም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው የሙያ ደንብ ግልጽ ነው። ቆላና ደጋ ለሚመላለስ ሞተር ካርቡሬተሩ የሚስተካከለው ጭነት ተሸክሞ ለሚሠራበት ዝቅተኛ ስፍራ ነው። አሰላ ላይ ጥቂት ቤንዚን ይባክናል፤ ኃይሉም በመጠኑ ይቀንሳል፤ ደራ ላይ ግን ቫልቩ ይድናል። ዛሬ በአዳዲስ መኪኖች አየሩን የሚለካው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ቢሆንም፣ ካርቡሬተር ባላቸው ሞተር ሳይክሎችና አነስተኛ የቤንዚን ፓምፖች ላይ ፍርዱ አሁንም የመካኒኩ ነው።