የስንቅ ትምህርት፤ «ኦፍላይን» ለምንለው ነገር የሚሆን የአማርኛ ስም

መስከረም ሲጠባ የመተማን ተማሪ ሁለት ነገር በአንድ ቀን ይጠራዋል፤ የትምህርት ቤቱ ደወልና የአባቱ ሰሊጥ። ደወሉ ነገም ይደወላል። ሰሊጥ ግን ቆይ ቢሉት አይቆይም፤ ፍሬውን ያቀፈው ሽፋን ደርቆ አፉን ከከፈተ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፣ የክረምቱ ልፋትም አብሮት ይፈስሳል። ስለዚህ ቆላው ላይ «ሳሉግ» የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከደጋ በኢሱዙ ተጭኖ በገንዳ ውኃ በኩል ሲገባ፣ የገበሬውም ልጅ ደብተሩን አስቀምጦ ማጭድ ያነሳል። ነዶው ታስሮ፣ «ሂላ» የሚባለው የነዶ ክምር ቆሞ፣ ደርቆ ሸራ ላይ እስኪራገፍ ጥቅምት ይጋመሳል። እሱ ሲመለስ ክፍሉ ምዕራፍ አንድን ጨርሶ ሁለትን ጀምሯል።

እርሻው ላይ ኔትወርክ የለም፤ ቢኖርም ኮረብታ ፈልገው ነው። መብራትም የለም። በልጁ ኪስ ውስጥ ግን ስልክ አለ፣ በስልኩ ውስጥ ደግሞ ከጥፍር የማይበልጥ ሜሞሪ ካርድ። ዛሬ የማነሳው ቃል የዚያ ካርድ ነገር ነው።

«ኦንላይን» ለሚባለው ትምህርት አማርኛ ስም አግኝቶለታል፤ የበይነ መረብ ትምህርት። በይነ ከግዕዝ የመጣ ነው፣ «መካከል» ማለት ነው፤ መረቡም እንደ ዓሣ አጥማጁ መረብ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። ጥሩ ቃል ነው፣ ጸንቷል። የተቸገርነው በተቃራኒው ነው። «ኦፍላይን»ን አንዳንዱ «ያለ በይነ መረብ» ይለዋል፣ በአማርኛ የተጫነ ስልክ ደግሞ «ከመስመር ውጭ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም አያረኩኝም። የመጀመሪያው የጎደለውን እንጂ ያለውን አይናገርም። ሁለተኛው ደግሞ በአማርኛ ሌላ ትርጉም አለው፤ ከመስመር የወጣ የምንለው ሥርዓት ያጣ ሰውን ነው። ሰሊጡን እያጨደ ማታ በስልኩ ሒሳብ የሚያጠናን ልጅ ከመስመር ወጥተሃል ማለት ግፍ ነው። ያ ልጅ መስመሩን የያዘ ነው።

እኔ የማቀርበው ስም የስንቅ ትምህርት ነው። ትርጉሙም ይህ ነው፦ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ተወስዶ፣ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቦታና ተማሪው በሚመቸው ሰዓት የሚጠና ትምህርት።

ስንቅን የመረጥኩት ለጌጥ አይደለም። ስንቅ የሚቋጠረው መንገደኛው በሚሄድበት ገበያ እንደማያገኝ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ ሁሉ የሚዘጋጁት በሙላት ጊዜ ለእጦት ጊዜ ነው። ቋንቋችንም ቃሉን ከእህል አልፎ ወደ ሐሳብ ካሻገረው ቆይቷል፤ ተስፋ ሰንቆ ተነሳ፣ ዓላማ ሰንቆ ወጣ እንላለን። ትምህርት ሰንቆ ሄደ ብንል ጆሮ አይጎረብጠውም። ግሱም አብሮ ይመጣል። «ዳውንሎድ» ለማለት «ማውረድ» የሚለው ለምዶልናል፣ ይቀጥል። ነገር ግን ማውረድ ነገሩ ከየት እንደመጣ ነው የሚነግረን፣ መሰነቅ ግን ወዴት እንደሚሄድ። በቀጥታ ስርጭት ለሚሰጠው ትምህርት «የቀጥታ ትምህርት» ካልን፣ ጓደኛው «የስንቅ ትምህርት» ይሆናል ማለት ነው።

ሐሳቡ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በጎንደር ምድር የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ደብር ሲዞር ሁለት ስንቅ ነበረው፤ አንዱ ለሆዱ፣ ሌላው በቃሉ የያዘው። የቃል ትምህርት የሚሰጠው ማታ፣ በጨለማ፣ ያለ መጽሐፍ ነው። መጽሐፍ ውድ ነበር፣ ብራናው ከመምህሩ ዘንድ አይወጣም፤ ስለዚህ ተማሪው መጽሐፉን ወደ አእምሮው ገልብጦ ይዞት ይሄዳል። ሜሞሪ ካርዱን ከዚያ ጋር እኩል አላደርገውም፤ ካርድ ላይ ያለ ነገር ገና አልተማሩትም። የመሸከሙ ጥበብ ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ድርቆሽ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። እንጀራ እርጥብ ሆኖ ሩቅ አይሄድም፤ ይከብዳል፣ ይሻግታል። ሲደርቅ ይቀልላል፣ ውኃ ወይም ወጥ ሲያገኝ ተመልሶ ምግብ ይሆናል። የቪዲዮ ትምህርትም እንደዚያው ነው። የ40 ደቂቃ ትምህርት ጥርት ባለ ምስል ከተቀረጸ ከ400 ሜጋባይት በላይ ሊይዝ ይችላል። ይኸው ትምህርት ለትንሽ ስልክ በሚበቃ ዝቅተኛ ጥራት ሲጨመቅ ወደ 60 ሜጋባይት ይወርዳል፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር በጉልህ ከተጻፈ አሁንም ይነበባል። ድምፁ ብቻ ቢወሰድ 10 ሜጋባይት ገደማ ይበቃዋል። ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ እንግዲህ 500 የሚሆን የተጨመቀ ቪዲዮ ወይም 3,000 የሚሆን የድምፅ ትምህርት ይይዛል። በድምፅ ከሆነ የአንድ ክፍል የዓመት ትምህርት በጥፍር ልክ ዕቃ ላይ ተቋጥሮ ይሄዳል ማለት ነው።

ለአንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን ለአንድ ትምህርት ቤት የሚሆን አሠራርም አለ። «ኮሊብሪ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የተሠራው ለዚሁ ነው፤ አንድ ኮምፒውተር እንደ ጎተራ ይሆናል፣ ትምህርቱ በፍላሽ ወይም በሐርድ ዲስክ መጥቶ ይጫንበታል፣ በዙሪያው ያሉ ስልኮችና ታብሌቶች በዋይፋይ ከእሱ ይቀዳሉ። ዋይፋዩ ከግቢው አይወጣም፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። «ኪዊክስ» ደግሞ ሙሉ ውክፔዲያን በአንድ ፋይል ያሰንቃል።

እኛ አገር ከዚህ በፊት የሆነውን ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት፣ በታሸገ ካርቶን ታብሌቶችና በፀሐይ የሚሠራ ቻርጅ መሙያ ሰጠ። አስተማሪ አልነበረም፣ ኢንተርኔትም አልነበረም። ልጆቹ ካርቶኑን ከፍተው ማብሪያውን ራሳቸው አገኙት፤ ድርጅቱ እንደተናገረው በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል ዜማ እየዘመሩ ነበር፣ በወራት ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ዓለም የልጆቹን ብልሃት ነው ያወራው። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላ ሰው ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ መንደር ድረስ እየሄደ ሜሞሪ ካርድ የሚቀይረው ባለሙያ። ልጆቹ የነኩትን ሁሉ መዝግቦ የያዘውን አሮጌ ካርድ ወስዶ አዲስ ይተካል። ኔትወርኩ እሱ ነበር።

በተቃራኒው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርትን አስታውሱ። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የገባው ፕላዝማ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ትምህርቱ ከሳተላይት በእንግሊዝኛ ይወርዳል፣ በየትምህርት ቤቱ ያለ ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ነገር ያያል። ያን ዘመን ያለፈ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። መብራት ከሄደ ትምህርቱ ሄደ። መምህሩ ቆይ፣ ይህን ልድገምላችሁ ቢል የሳተላይቱ መምህር አይሰማም። ለመተማ ልጅ ደግሞ መስከረም ላይ ያለፈው ትምህርት ኅዳር ላይ አይገኝም። ፕላዝማ የቀጥታ ትምህርት ነበር፤ አንድም የሚቋጠር ነገር አልነበረውም። በእኔ እምነት ትልቁ ስህተቱ ይኸው ነው፣ ከቋንቋውም ከፍጥነቱም በላይ።

ዛሬም ወደዚያው ስህተት እንዳንመለስ እሰጋለሁ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሙሉ በሙሉ በበይነ መረብ ነው። መልካም ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባው ልጅና የቋራው ልጅ የሚቀርቡት ለአንድ ፈተና ነው፤ አንዱ ትምህርቱን ከቧንቧ እንደሚወርድ ውኃ ሲቀዳ፣ ሌላው በጀሪካን ካልሰነቀ አያገኝም። ጀሪካኑን የሚያስብለት ሰው ያስፈልገዋል።

የሚገርመው፣ ጀሪካኑ የሚሞላበት ቤት በየከተማው አለ። ገንዳ ውኃ ላይ ከአንድ ሞባይል ቤት ደጃፍ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወደ እርሻ የሚሄዱ ወጣቶች ካርዳቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፤ ባለሱቁ ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካና «ዘፈን ነው ፊልም?» ይላል። መልሱን ሰምቶ ይጭናል፣ ሒሳቡን ይቀበላል፣ ቀጣዩን ይጠራል። አንድ ተማሪ ተራው ሲደርስ፣ «ጋሼ፣ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ የለህም?» አለው። ባለሱቁ እጁን ከማውሱ አነሳና ልጁን አየው። «ከየት አምጥቼ፤ ካመጣህልኝ ግን ለአንተም ለሌላውም እጭናለሁ» አለ። ልጁ ከጓደኛው ስልክ ዜንደር በተባለው የፋይል ማስተላለፊያ የተቀበላቸው ጥቂት ቪዲዮዎች ነበሩት፤ ከስልኩ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጡት። ባለሱቁ አዲስ ማኅደር ከፍቶ «ትምህርት» ብሎ ስም ሰጠው፣ ከፊልሞቹና ከዘፈኖቹ ጎን።

የስንቅ ትምህርት መሠረተ ልማት እንግዲህ ያ ነው። ባለሱቁ፣ ካርዱ፣ ዜንደሩ፣ ስልክም የምትሞላው የፀሐይ መብራት። የጎደለው የሚጫነው ነው።

ስንቅ ችግርም አለው። አንዱ ሻጋታ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. መተግበር ሲጀምር መጻሕፍቱ ተቀይረዋል፤ በየስልኩ የሚዞረው ቪዲዮ ግን ብዙው ለአሮጌው መጽሐፍ የተሠራ ነው። ልጁ ሌሊቱን ደክሞ ያጠናው ምዕራፍ መጽሐፉ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ጥያቄ ነው። ስንቅ አይጠየቅም፤ ያልገባህን ብትነግረው አይመልስልህም። ስለዚህ የስንቅ ትምህርት የሚያጠና ልጅ ከስልኩ ጋር እርሳስና ወረቀት ይዞ ያልገባውን መጻፍ አለበት፤ ከእርሻ ሲመለስ መምህሩ ያንን ወረቀት የሚቀበልበት አንድ ሰዓት ቢመድብለት የግማሽ መንገድ ሥራ ተሠርቷል።

ሌላም ማለት ያለብኝ አለ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የክልሉ ተማሪ የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ የተዘጋበትም ብዙ ነው። የስንቅ ትምህርትን ሳወድስ ኔትወርክ ባይኖርም ይችላሉ ለማለት አይደለም። ስንቅ የመንገድ ነው፤ ልጅን ዕድሜ ልኩን በስንቅ አያሳድጉትም። የተዘጋው ይከፈት፣ ምሰሶውም ይተከል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ልጁ ጾሙን አይደር።

ከሱዳን ድንበር ማዶ ለመጡትም ይኸው ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ፣ በገላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ ከገቡትና በኋላ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ከቆዩት መካከል ተማሪዎች ነበሩ። ትምህርታቸው በአረብኛ ነው፤ በመተማ ክፍል ውስጥ ቢቀመጡ ቋንቋው አይገባቸውም። ለእነሱ የአረብኛ መጽሐፍ የያዘ አንድ ስልክ ከትምህርት ቤታቸው የተረፈው ክፍል ነው።

ስለዚህ በቴሌግራም ትምህርት ለምትለቁ መምህራን፣ ለወረዳና ለዞን ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፣ ለሞባይል ቤት ባለቤቶችም አንድ ነገር እለምናለሁ። ከምትለቁት ቪዲዮ ጎን የተጨመቀውንና የድምፁን ብቻ አብራችሁ ልቀቁ፤ መውረድና ከስልክ ወደ ስልክ መተላለፍ እንዲችል አድርጉት። በፋይሉ ስም ላይ ክፍሉን፣ የትምህርቱን ዓይነት፣ ምዕራፉን፣ መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት ጻፉበት። ባለሱቁም «ዘፈን ነው ፊልም?» ሲል ሦስተኛ ቃል ይጨምር። ይህ ሁሉ ነሐሴ ሳያልቅ ይድረስ፤ ኢሱዙዎቹ ወደ እርሻ መጫን የሚጀምሩት ያኔ ነው።