ከወናፍ እስከ ምድጃ፦ የማገዶ አየር በምሥራቅ ጎጃም

በቢቸናና በሞጣ ማገዶ የሚለካው በሸክም፣ በጆንያና በኩበት ቁልል ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት በሙሉ እንዲነድ ግን 6 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። እሳቱ ከሚበላው ትልቁ ድርሻ ማንም የማይቆጥረው ነው።

አየርን በእጃቸው የገሩ ባለሙያዎች ግን ጎጃም ከጥንት ጀምሮ ነበሩት። ቀጥቃጩ ወናፍ እየነፋ ብረቱን ያግላል። ከሰል አክሳዩ በተቃራኒው ክምሩን በቅጠልና በአፈር አፍኖ እንጨቱ ነዶ እንዳያልቅ ይከለክላል። ጥላሸትም ሳይነድ የቀረ ካርቦን ነው፤ የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለማቸውን የሚበጠብጡት ከእሱ ነው። በቀድሞው የቢቸና አውራጃ እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ ገዳማት ለተከማቹት መጻሕፍት የእሳት ጉድለት ሀብት ሆኗል።

ስሌቱ የመጣው ከሌላ አገር ነው። ጎንደር ወደ ዘመነ መሳፍንት ስትገባ፣ በ1770ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ፈረንሳዊው ላቯዚየ መንደድ ከኦክስጅን ጋር መዋሐድ መሆኑን አሳየ። አንድ ኪሎ ካርቦን 2.67 ኪሎ ኦክስጅን ይወስዳል፤ ኦክስጅን ከአየር ክብደት 23 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ 11.5 ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልጋል። የደረቅ እንጨት ግማሹ ካርቦን ነው። ሃይድሮጅኑ ከሚፈልገው ኦክስጅን አብዛኛው እዚያው እንጨቱ ውስጥ ስላለ፣ ድምሩ ከ6 ኪሎ ብዙም አይርቅም። የሚወጣው ጭስ 1.8 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ የውሃ ተንና 4.6 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅኑ ሙቀት ተሸክሞ ከመውጣት በቀር ሥራ የለውም።

ጭሱ ራሱ ይናገራል። ውሃው ተለይቶ በይዘት ሲለካ፣ ልክ በሆነ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 20 በመቶ ይደርሳል፤ አየሩ እጥፍ ሲሆን ወደ 10 ይወርዳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከተገኘ ነዳጁ በከፊል ብቻ ነዷል፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ይህ ጋዝ በተዘጋ ቤት ከሰል ለሚሞቅ ሰው ገዳይ ነው።

ደጋው ደግሞ የራሱ ሂሳብ አለው። ሁለቱ ከተሞች 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆኑ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ጠረፍ 5 ሜትር ኩብ የሚሆነው 6 ኪሎ አየር እዚህ ከ6.5 ይበልጣል። ለቆላ የተመጠነ የምድጃ አፍ ለቢቸና ይጠባል።

የጉልቻ ችግር ግን የአየር ማነስ አይደለም፤ አየሩ በሁሉም ጎን ይገባል። ከእንጨቱ ከሚወጣው ትኩስ ጋዝ ጋር ሳይዋሐድ ነበልባሉን ስለሚያቀዘቅዝ፣ ሙቀትም ይባክናል፣ ጭስም ይበዛል። እርጥብ ማገዶ ሲጨመርበት ይብሳል።

በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የማገዶን ጥያቄ በዛፍ ብዛት መለሰ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን በሲሚንቶ ግድግዳ ከቦ የእንጀራን ማገዶ እስከ ግማሽ ቀነሰ፤ የሚወጣውንም ትኩስ ጋዝ ከኋላ ለተጣደ ድስት አዋለው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ መለኪያው ግን አሁንም በዋናነት የተረፈው እንጨት ሆኖ ቀርቷል። ማገዶ የቆጠበ ምድጃ ጭሱን ቀንሷል ማለት አይደለም፤ አየሩን ሲያጠብ ሞኖክሳይዱን ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ለደጋው የሚሠራ ምድጃ በሁለት ሚዛን ይፈተን፦ ምን ያህል እንጨት በላ፣ ከጭሱ ውስጥስ ምን ያህል ሳይነድ ወጣ?