የሞርሚሪዴ ቤተሰብ ዓሣዎችና የኤሌክትሪክ ስሜታቸው

ሞርሚሪዴ በመባል የሚታወቀው የዓሣ ቤተሰብ በአፍሪካ ወንዞችና ሐይቆች ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ከ200 በላይ ዝርያዎችን ያቀፈ ነው። በኢትዮጵያም የቤተሰቡ አባላት በባሮና በኦሞ ወንዞች ይኖራሉ።

ዓሣዎቹ ከጅራታቸው ሥር ባለው ቀጭን የሰውነት ክፍል፣ ከጡንቻ የተገኘ ኤሌክትሪክ አመንጪ አካል አላቸው። የሚያመነጩት ኃይል ከጥቂት ቮልት ስለማይበልጥ በሰው ላይ ጉዳት አያደርስም። በዚህም ከ300 ቮልት በላይ በማመንጨት ሰውን ሊያደነዝዝ ከሚችለውና በባሮ ወንዝም ከሚገኘው ኤሌክትሪካዊ አምባዛ ይለያሉ፤ እርሱ የሌላ ቤተሰብ አባል ነው።

ደካማው ኃይል የሚያገለግለው ለአደን ወይም ለመከላከል ሳይሆን በጨለማና በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ለማየት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዓሣው በሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ዙሪያውን ይከብባል። ድንጋይ ኤሌክትሪኩን ሲከላከል፣ ትልና የውኃ ተክል ደግሞ ያሳልፉታል። በቆዳው ላይ የተሠራጩት ተቀባይ ሕዋሳት ይህንን ልዩነት በመለየት መረጃውን ለአንጎል ያደርሳሉ።

የዚህ ዓይነቱ ስሜት መኖር የታወቀው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በነበሩት ሐንስ ሊስማን ጥናት ነው። ሊስማን እ.ኤ.አ. በ1951 ይፋ ያደረጉት ጥናት የተካሄደው የቤተሰቡ የቅርብ ዘመድ በሆነው ጂምናርከስ ላይ ነበር። ይህ ዓሣ ወደ ኋላ ሲዋኝ እንኳ ከእንቅፋት ጋር አለመጋጨቱ ትኩረታቸውን ስቦ ነበር። በ1958 ከባልደረባቸው ጋር ባቀረቡት ጥናትም፣ ዓሣው መልካቸው አንድ ሆኖ በውስጣቸው የያዙት ነገር የተለያየ የሸክላ ዕቃዎችን በኤሌክትሪክ ስሜቱ እንደሚለይ አሳይተዋል።

የሞርሚሪዴ ዓሣዎች በምልክቱ እርስ በርስም ይግባባሉ። በጋቦን ኢቪንዶ ወንዝ በመልክ እጅግ የሚመሳሰሉ በርካታ ዝርያዎች በአንድነት የሚኖሩ ሲሆን፣ የየራሳቸውን ወገን የሚለዩት በምልክቱ ቅርጽ ነው። ተመራማሪዎችም ዝርያዎቹን ለመለየት በዚሁ ይጠቀማሉ።

ይህ ችሎታ ግን ከፍተኛ ወጪ አለው። ዝሆን አፍንጫ እየተባለ በሚጠራው ዝርያ፣ አንጎል ሰውነቱ ከሚጠቀምበት ኦክስጅን 60 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። የሰው አንጎል ድርሻ 20 በመቶ ገደማ ነው። ስሙ ግን ያሳስታል፤ እንደ ኩምቢ የተንጠለጠለው አካል የአገጭ እንጂ የአፍንጫ አይደለም። ዓሣው በዚሁ አካል የወንዙን ወለል እየዳሰሰ ትሎችንና የነፍሳት እጮችን ይለቅማል።

በጥንታዊት ግብፅ ከእነዚህ ዓሣዎች አንዱ ቅዱስ ተደርጎ ይታይ የነበረ ሲሆን፣ ግሪኮች ኦክሲሪንከስ ያሏት ከተማ ስያሜዋን ያገኘችው ከእርሱ ነው። ትርጉሙም ሹል አፍንጫ ማለት ነው።

ብዙዎቹ ዝርያዎች የሚራቡት የዝናብ ወቅት ሲገባ ነው። የውኃው መጠን ሲጨምርና በውስጡ የሟሟው ጨው ሲሳሳ እንቁላል ለመጣል ይዘጋጃሉ፤ አንዳንዶቹም ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ለጉዳት የሚጋለጡትም በዚሁ ጉዞ ላይ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ በወንዞች መግቢያ ላይ የተዘረጉ መረቦች እንቁላል ያዘሉ ዓሣዎችን በብዛት በመያዛቸው የሞርሚሪዴ ቁጥር ቀንሷል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ወደ ሐይቁ የገባው የናይል ፐርች ዓሣም በነባሮቹ ዝርያዎች ላይ ተጨማሪ ጫና ፈጥሯል።