ጨዋታ በቅኔ ቤት

ግዕዝ «ተዋነየ» ሲል «ተጫወተ» ማለቱ ነው። «ተውኔት» ጨዋታ ነው፤ ዛሬ መድረክ ላይ የሚወጣውን ሰው «ተዋናይ» ያልነውም ከዚሁ ግሥ ወስደን ነው። የጎጃም ሊቃውንት ሲያወሩ እንደሚሰማው ደግሞ የጎንጁ ስመ ጥር የቅኔ መምህር ስሙ ተዋነይ ነበር። ታላቅ አባቱን ከጨዋታ በተቀዳ ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት፣ ስለ ራሱ ጠባይ ሳያስበው አንድ ነገር የነገረን ይመስለኛል።

ስለ ቤተ ክህነት ትምህርት ወሬ ሲነሣ ከተማ ያደግን ሰዎች የምንደጋግመው ክስ አለ። «ሽምደዳ ነው» እንላለን። ክሱ ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። ንባብ ቤት ያለ ልጅ ዳዊቱን ይደግማል፤ ዜማ ቤት የገባም ድጓውን እንደ ተቀበለው መመለስ እንጂ ከራሱ እንዲጨምርበት አይፈቀድለትም። ቅኔ ቤት ሲደርስ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይጠብቀዋል። እዚያ ሌላው የተቀኘውን የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። እዚያ አንድ ተማሪ ጎበዝ የሚባለው ትናንት በሰማው ሳይሆን ዛሬ በፈጠረው ነው። ጀማሪውም ሆነ ሊመረቅ የደረሰው፣ በየቀኑ አንድ አዲስ ነገር ሠርቶ በመምህሩ ፊት መቆም አለበት። በዘመኑ ቋንቋ «የፈጠራ ስቱዲዮ» የምንለው ነገር አገራችን ውስጥ መቼ ተጀመረ ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ የእኔ መልስ በጎጃም ዛፍ ጥላ ሥር ይጀምራል።

የቅኔ ሊቃውንት ትውልዳቸውን ሲቆጥሩ አንዳንዶቹ እስከ ቅዱስ ያሬድ ይወጣሉ። ሌሎች ዮሐንስ ገብላዊን ያስቀድማሉ። ተዋነይን በልማድ የሚያስቀምጡት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ በስሙ የሚነገሩለት ቅኔዎች ድፍረት ዛሬም ያነጋግራል። ከእነዚህ አባቶች በኋላ ትምህርቱ ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ በሚባሉ ቤቶች ተከፋፈለ። ዋድላ ወሎ ነው። ዋሸራና ጎንጅ የጎጃም ናቸው። ከትግራይም ከሸዋም ቅኔ የራበው ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ዓባይን የሚሻገረው በዚህ ምክንያት ነበር።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ማንኩሳን ያላለፈ መንገደኛ የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ የተወለደው እዚያ ነው። ልጁ ቅኔ ይማራል፤ መጨረሻው ወደ ዲማ ያመራዋል። አብዛኞቻችን በዛብህን የምናስታውሰው በፍቅሩ ነው፤ ሬዲዮ ላይ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማነው ሰዎችማ ሌላውን ነገር ረስተነዋል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ደራሲው የቅኔ ተማሪን ሕይወት በሩቅ ሰምተው አልጻፉትም። እሳቸውም የቅኔ ቤት ልጅ ነበሩ።

በዚህ አገር፣ በማንኩሳም በሉት ገበዝ ማርያምን በመሰለ የገጠር ቀበሌ፣ ቅኔ ቤት ባለበት አጠገብ በጠዋት የሚያልፍ እንግዳ ግራ ይገባዋል። ወጣቶች እዚህና እዚያ ተበታትነዋል። አንዱ ዋርካ ሥር፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጀርባ፣ አንዱ ድንጋይ ላይ። ደበሎውን ወይም ጋቢውን እስከ ግንባሩ ተከናንቦ ለብቻው ያጉተመትማል። የተጣሉ ይመስላሉ። አልተጣሉም፤ ቅኔ እየቆጠሩ ነው። «ቆጠራ» ይሉታል። ቤቱን፣ ዜማውን፣ አገባቡን በልቡ እየመዘነ ከምንም ተነሥቶ ግጥም ማቆም ማለት ነው። ወረቀት የለም፣ እርሳስ የለም። መሣሪያው ሌሊትና ማታ ያጠናው ግሥ ብቻ ነው።

ጀማሪው የሚነሣው ከጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ስንኝ ናት። ከዚያ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ሦስት ሦስት፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት እያለ ይወጣና መወድስ ስምንት ቤት ይደርሳል። ከዚያም ዕጣነ ሞገር አለ። እስከዚያ የዘለቀውን «ሙሉ ቤት ሆነ» ይሉታል። በየደረጃው ልኩ የጠበቀ ነው፤ አንዲት ቀለም ከጎደለች ወይም ከተረፈች ዜማው ራሱ ያጋልጣል። ለጀማሪ ግን ምስጢሩ ባይሰምርለትም መምህሩ ይታገሡታል። ቤት ከመታ፣ አገባቡ ካልተሰበረ፣ ነገሩ ቀስ ብሎ ይመጣል ይባላል። ትርጉም ሳይኖረው የሚያምር ነገር ለመሥራት ለልጅ ፈቃድ የሚሰጥ ትምህርት ቤት እኔ በተማርኩበት ዓይነት ትምህርት ቤት ውስጥ አላየሁም።

ቀጥሎ ሰምና ወርቅ ይመጣል። ለምሳሌ ወሩ ኅዳር ነው እንበል። ተማሪው ዓይኑን ሲገልጥ የሚያየው አውድማ ነው፤ በሬዎች ክምሩን ያበራያሉ፣ ገበሬው በመንሽ ወደ ላይ ይበትናል፣ ነፋሱ ገለባውን ይወስዳል። ይህ ሰሙ ነው። ወርቁን ከወዴት ያምጣው? የፍርድ ቀን ቢለው ቀሏል፤ ከእርሱ በፊት ብዙ ሰው ሄዶበታል። ስለዚህ ያገላብጠዋል። ምናልባት በሬው መምህሩ ይሆናሉ፤ ገለባው የትናንት ቅኔው፣ ነፋሱም የጓደኞቹ ሣቅ። ይህን ሲያገኝ ብቻውን ይስቃል። ከዋርካው ሥር ያለ ምክንያት የሚስቅ ልጅ ስታዩ ወርቅ አግኝቷል ማለት ነው።

በኋላ ተራ በተራ ይቀርባሉ። ለጀማሪዎቹ በዕውቀት የበሰለው አስነጋሪ ይሰማቸዋል፤ ከፍ ያሉት ለመምህሩ ይነግራሉ። መምህሩ ያርማሉ፣ ያፈርሳሉ፣ አንዳንዴም አንዲቱን ቃል ብቻ ያዛውሩና ቅኔው ሌላ ሆኖ ይነሣል። ሲመሽ የመምህሩ ተራ ነው። ተሰብስበው ሲቀመጡ እሳቸው ይዘርፋሉ፤ «ዘረፋ» የሚለው ቃል ራሱ የዚያን ሰዓት ግለት ይናገራል። ከጉባኤ ቃናው ጀምረው ወደ ላይ ሲወጡ ተማሪው ምስጢሩን ያሳድዳል፤ የገባው ቀድሞ «ይበል!» ይላል፤ ያልገባው ከጓደኛው ፊት ያነብባል። መምህሩም ነገ ሌላ ማምጣት አለባቸው። የአምናውን አይደግሙም።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የሚል መጽሐፍ ጽፎ ይህን ጥበብ ለውጭው ዓለም አስተዋወቀ። ባለውለታችን ነው። ሆኖም ከእርሱ መጽሐፍ በኋላ ሰምና ወርቅ ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ መደበቅ ሆነ፤ አማራ ሐሳቡን ይሸፍናል፣ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይናገራል፣ አይታመንም። እኔ እንደሚመስለኝ ቅኔን ከቤተ መንግሥትና ከሸንጎ አቅጣጫ ያየ ሰው እንዲህ ማለቱ አይቀርም። ከተማሪው ዋርካ ሥር ሆኖ ላየው ግን ወርቁ የሚደበቀው እንዲፈለግ ነው። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ተሸሽጎ ሳይገኝ የቀረ ልጅ ደስ አይለውም።

ሆላንዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሐን ሁይዚንጋ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው «ሆሞ ሉደንስ» ቅኔና ግጥም በጨዋታ ውስጥ እንደተወለዱ ይከራከራል። ጨዋታ የራሱ ቦታ፣ የራሱ ሰዓት፣ ተጫዋቹ ወዶ የሚቀበለው ጥብቅ ሕግ አለው፤ ሲያልቅ በእጅ የሚቀር ትርፍ የለውም ይላል። ጎጃምን ያየ ሰው አይደለም፤ ያየ ይመስላል።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ይኸው የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ ምንም አይቀመጥም። አንድ ተማሪ በቅኔ ቤት በሚቆይባቸው ዓመታት የሚፈጥረው ቁጥር ስፍር የለውም። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው በዚያው ቀን ይሞታል። ማኅሌት ላይ በበዓል የተሰማ ግሩም ቅኔ እንኳ ዕድለኛ ከሆነ በሰሚው ልብ ይቀራል እንጂ ዳግመኛ ለበዓሉ አይቀርብም። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀንበሬን የመሰሉ ሊቃውንት ሰብስበው በመጽሐፍ ባያኖሩልን ኖሮ ያችም ጥቂት አትገኝም ነበር።

የእናቴ ወንድም በልጅነቱ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቶ ነበር። ሳይጨርስ ወጥቶ ቡሬ ውስጥ ከአንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ሚዛን ላይ ሲሠራ ኖረ። አንድ ጊዜ ከድሮ ቅኔዎችህ አንዱን ንገረኝና ልጻፈው አልኩት። አንድም አላስታውስም አለ፤ ያዘነም አይመስልም። ጥቂት ዝም ብሎ ጣቶቹን ካነቃነቀ በኋላ ግን አንዲት ጉባኤ ቃና አወጣ። ሰሙ ሚዛን ነበር። ወርቁ፣ ሲፈታልኝ፣ ብዕርና ወረቀት ይዞ የሰው ቃል በኪሎ ሊገዛ የመጣ የከተማ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ብዕሬን ስከፍት ሁለተኛውን ስንኝ ለውጦታል።

ይህን ስጽፍ ቅኔ ቤትን ገነት አድርጌ ልስለው አልፈልግም። ተማሪው የሚኖረው በልመና ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከበር በር ሲዞር ውሻ ይነክሰዋል፣ ቁራሹ ይሻግታል፣ በክረምት ጎጆው ያፈሳል፣ ቅማልና ተስቦ አብረውት ይኖራሉ። አእምሮ ይከፍታል ተብሎ አብሾ ጠጥቶ የቀወሰ ተማሪ ወሬ የማይነገርበት ቅኔ ቤት የለም። መምህሩም ሁልጊዜ ታጋሽ አይደሉም። ግን ችግሩ ሁሉ እያለ ልጁ ከቤቱ ጠፍቶ፣ ወላጁ እንዳያገኘው ርቆ የሚሄደው ለምን ነበር? ለሹመት ነው እንዳንል ሹመቱ ለጥቂቶች ነው። ለእንጀራ ነው እንዳንል የአባቱ እርሻ ይሻለው ነበር። እኔ መልሱን ያ ብቻውን የሚስቀው ልጅ ዘንድ አገኘዋለሁ።

በሩ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ሴት ልጅ ለተማሪዎቹ እንጀራ ትሰጣለች እንጂ አብራ አትቀመጥም። ይህን ያፈረሱት የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። ልጅቱ በሕፃንነታቸው ዓይናቸው ጠፋ። አባትየው ሲያስተምሩ እየሰሙ አደጉ፤ ተማሩ፤ በኋላም የአባታቸውን ወንበር ተረክበው ወንዶቹን አስተማሩ። ቅኔ ወረቀት አለመፈለጉ፣ ጨዋታው ሁሉ በጆሮና በልብ መሆኑ፣ ለእኚህ ሴት በር ሆነላቸው። ቀለምና ብራና የግድ ቢሆን ኖሮ ስማቸውን አንሰማም ነበር።

ከቅኔ ቤት የወጣው ሁሉ ደግሞ ካህን ሆኖ አልቀረም። ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። አዲስ አበባ መጥተው መምህር ሆኑ፤ «ምስክር»ን፣ «አፋጀሽኝ»ን ጻፉ፤ ቴአትራችን ገና ዳዴ ሲል በእጃቸው ይዘው ካስኬዱት ሰዎች አንዱ ሆኑ። የቅኔ ልጅ ወደ ተውኔት ሲሄድ ቤት አልለወጠም፤ ቃሉ አንድ ነው። «አፋጀሽኝ» ከሚለው ርእስ ጀርባ ማን እንዳለች ለማወቅ ተመልካቹ የሚደክመው ድካም የዋርካውን ጥላ አይረሳም።

አዲስ አበባ የሥዕል ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠዓሊ ወጥቷል፤ በከተማው ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናት ቀለም የሚያቦኩባቸው ትንንሽ ስቱዲዮዎችም አሉ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ልጄንም ወስጄ አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ሰዓቱ አልቆ በሩ ሲከፈት ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀው «ምን ሠራሽ? አሳዪኝ» ብሎ ነው። ሥዕሉ ፎቶ ይነሣል፣ በክፈፍ ይገባል፣ ሳሎን ይሰቀላል። ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ የሚስሉት የሚሰቀለውን ነው፤ ቤት፣ ፀሐይ፣ ሰንደቅ ዓላማ። ያልተሳካው ተጨማድዶ ይጣላል፤ አንዳንዷም ታለቅሳለች።

ከሚያስተምሩት ወጣቶች አንዱን አውርቼው ነበር። ለአንድ ቅዳሜ ወረቀቱን ትተን ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ እንስጣቸው፤ አንዱ ሲጨርስ ለጓደኞቹ ያሳይ፣ ይሣቁ፣ ይፍረዱ፣ ከዚያ ይጥፋ አልኩት። ነገሩ ከጎጃም እንደመጣም ነገርኩት። ሞከረው። ሲወጡ ወላጆች ባዶ እጃቸውን የወጡ ልጆቻቸውን አይተው ቅር አላቸው፤ አንድ አባት ክፍያውንም አነሡ። ውስጥ ግን ሦስት ልጆች ገና አልወጡም ነበር። አንደኛዋ የሣለችውን ግመል በክንዷ ጠርጋ፣ ዱቄቱ ከእጅጌዋ ሳይራገፍ፣ በዚያው ቦታ ሌላ ጀምራለች።