ወሸባ የደበቀው ቁስል

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ አንድ አሮጌ ቃልም አብሮት ተመለሰ፤ “ወሸባ”። ከሰው ተለይቶ መቀመጥ ማለት ነው ተባለ። የቃሉን ጥንተ ነገር የሚያውቅ ሽማግሌ ግን ፈገግ ሳይል አይቀርም። በቀድሞው ዘመን ወሸባ የሚገባው የቂጥኝ በሽተኛ ነበርና። ቃሉ የመጣው “ዑሽባ” ከሚለው ዐረብኛ ሲሆን፣ እሱም የመድኃኒት ሥር ስም ነው። በሽተኛው ሥሩን እየጠጣ፣ ምግቡ ተመርጦለት፣ ከብርድና ከሰው ዓይን ተሸሽጎ ለሳምንታት ቤት ይዘጋበት ነበር።

ታዲያ ይድን ነበርን? ቁስሉ ደርቆ “ዳንኩ” ብሎ የሚወጣ አይጠፋም። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል አያምም፤ መድኃኒት ቢወሰድም ባይወሰድም ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይደርቃል። ምስጋናውን ወሸባው ይወስዳል፤ በሽታው ደም ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ያደባል።

ከርክር የሚባለው የአባላዘር በሽታ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ከግንኙነት በኋላ ከአራት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ያማል፤ ጠርዙ የተቦጫጨቀና በቀላሉ የሚደማ ነው። ብሽሽት ያብጣል፤ እብጠቱም ይፈነዳል። ሁለቱ ቁስሎች ለረጅም ዘመን እንደ አንድ በሽታ ይታዩ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ባሰሮ እ.ኤ.አ. በ1852 ለያያቸው። እ.ኤ.አ. በ1889፣ በወሎ ምድር የውጫሌ ውል በተፈረመበት ዓመት፣ ዱክሬ የተባለ ኢጣልያዊ ኔፕልስ ከተማ ውስጥ የከርክርን ባክቴሪያ አገኘ።

ይህ ባክቴሪያ ዛሬም በላቦራቶሪ ለማብቀል አስቸጋሪ ነው። ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው በምትገኘው በመካነ ሰላምና ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘነብለው በቦረና ገጠር የሚኖር ገበሬ እንዲህ ያለውን ምርመራ ከወዴት ያገኛል? ለዚህ የተዘጋጀው ብልሃት በምልክት ማከም ነው። የጤና ባለሙያው ቁስሉን አይቶ፣ ለቂጥኙ የፔኒሲሊን መርፌ፣ ለከርክሩ ለምሳሌ አንድ ግራም አዚትሮማይሲን በአንድ ጊዜ ይሰጣል። አዚትሮማይሲን በአማራ ክልል ለትራኮማ በዘመቻ ሲታደል የኖረ መድኃኒት ስለሆነ ለገበሬው እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለው ሕክምና ከተስፋፋ ወዲህ ከርክር በአፍሪካ እጅግ ቀንሷል።

ትርፉም ቀላል አይደለም። በናይሮቢ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የብልት ቁስል ለኤች.አይ.ቪ. የተከፈተ በር ነው።

ከወሸባ የወረስነው አንድ ነገር ግን አልቀነሰም፤ መሸሸግ። መርፌውን የተወጋ ባል ለሚስቱ ካልነገራት ነገ ከእሷ መልሶ ይይዘዋል፤ እሷም ያለ ሕክምና ትቀራለች። ወሸባ የበሽተኛውን ቁስል ከሰው ዓይን ጋረደው እንጂ በሽታውን አላስቆመውም። የሚያስቆመው ሁለቱም አብረው ሲታከሙ ነው።